ሔለን ታውሲግ

ሔለን ብሩክ ታውሲግ (ግንቦት 17 ቀን 1890 ዓ.ም. – ግንቦት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሜይ 24 ቀን 1898 – ሜይ 20 ቀን 1986) አሜሪካዊት ሐኪም ስትሆን፣ የሕፃናት የልብ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ እንዲሆን መሠረት ከጣሉት ሰዎች በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። ይበልጥ የምትታወቀው ከቀዶ ሐኪሙ አልፍሬድ ብላሎክና ከረዳቱ ቪቪያን ቶማስ ጋር ሆና በ1944 «ሰማያዊ ሕፃናት» ለሚባሉት ሕሙማን ባስገኘችው ቀዶ ሕክምና ነው።

ከዚያ በፊት ያሉት 14 ዓመታት ግን ብዙ አይወሩም። በእነዚያ ዓመታት ታውሲግ የልጁን ሕመም በስሙ ለይታ ታውቅ ነበር፤ ልታድነው ግን አትችልም ነበር። ዛሬ አልትራሳውንድ ገና ያልተወለደን ልጅ ልብ ስለሚያሳይ፣ ብዙ ወላጆች ዕውቀት ኖሮ መፍትሔው ገና ሩቅ የሆነበትን ያንኑ ጊዜ ያሳልፋሉ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ክፍል ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ከተባለባቸው በስተቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሔለን የተወለደችው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅ ከተማ ነው። አባቷ ፍራንክ ታውሲግ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የታወቁ የምጣኔ ሀብት ፕሮፌሰር ነበሩ። እናቷ ኢዲት ጊልድ በራድክሊፍ ኮሌጅ ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች መካከል ናቸው። ሔለን የአራት ልጆች ታናሽ ነበረች። 11 ዓመት ሲሆናት እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ፤ እርሷም ያው በሽታ ነክቷት ከትምህርት ቤት የቀረችበት ጊዜ ነበር። በዚህ ላይ ፊደል ይምታታባት ነበር። ዛሬ ዲስሌክሲያ የሚባለው ይህ የማንበብ ችግር በዚያን ዘመን እንደ ስንፍና ይቆጠር ስለነበር በትምህርት ቤት ብዙ ተቸግራለች። አባቷ ግን በትዕግሥት አብረዋት እያነበቡ አስተማሯት።

በራድክሊፍ ሁለት ዓመት ከተማረች በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (በርክሊ) ተዛውራ በ1921 ተመረቀች። ከዚያ ሕክምና ማጥናት ፈለገች። የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ግን እስከ 1945 ድረስ ሴቶችን አይቀበልም ነበር፤ አንዳንድ ኮርሶችን እንድትከታተል ቢፈቀድላትም ዲግሪ እንደማይሰጣት ተነገራት። ወደ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሄደች። በዚያም የአናቶሚ መምህሯ የበሬ ልብ ሰጥተው እንድታጠናው አደረጓት፤ ከልብ ጋር የተዋወቀችው በዚህ አጋጣሚ ነው። በመጨረሻ ከተከፈተበት ከ1893 ጀምሮ ሴቶችን ይቀበል በነበረው በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ገብታ በ1927 በሐኪምነት ተመረቀች።

የልብ ክሊኒኩ

በ1930 የሕፃናት ክፍሉ ኃላፊ ኤድዋርድስ ፓርክ በሆፕኪንስ ሐሪየት ሌን የሚባለውን የሕፃናት ሆስፒታል የልብ ክሊኒክ እንድትመራ አደረጓት። በጊዜው ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ በሚከሰተው የሩማቲክ ትኩሳት ልባቸው የተጎዳ ነበሩ (ይህ ሕመም በኢትዮጵያ ዛሬም ብዙ ልጆችን ያጠቃል)። የቀሩት ልባቸው በጽንስ ጊዜ ሳይስተካከል የተወለዱ ነበሩ። ስለ እነዚህኞቹ ብዙ ሐኪም አይጨነቅም ነበር፤ ሕመማቸው ቢታወቅም ባይታወቅም የሚደረግላቸው ነገር አልነበረምና። ፓርክ ግን እነርሱንም እንድታጠና አደፋፈሯት።

በዚያው ዘመን የታውሲግ ጆሮ መስማት እየተሳነው መጣ። ለልብ ሐኪም ይህ ከባድ ነገር ነው፤ የሙያው ዋና መሣሪያ የልብን ድምፅ ማዳመጥ ነውና። እርሷ ድምፅ የሚያጎላ ማዳመጫ ተጠቀመች፣ የሰዎችን ከንፈር እያየች ንግግራቸውን መረዳት ተማረች፤ ከሁሉም በላይ ግን መዳፏን በልጁ ደረት ላይ አሳርፋ የልቡን ንዝረት በጣቶቿ መለየት ለመደች። በተጨማሪም የሚንቀሳቀስ የኤክስሬይ ምስል በሚያሳየው ፍሎሮስኮፕ ልጁን ከፊትም ከጎንም እያዞረች ታየው ነበር። አንድ ልጅ ሲሞት የልቡ ምርመራ ውጤት በሕይወት ሳለ ከተመዘገበው ምልክት ጋር ይነጻጸራል። እንዲህ እያለች ከውጭ በሚታየው ጥላና ምልክት ብቻ የትኛው የልብ ክፍል እንደጎደለ፣ የትኛው እንደጠበበ መናገር ቻለች። የፕሮግራም ስሕተት ለሚፈልግ ሰው ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም፤ ውስጡን ሳይከፍቱ ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ መሄድ ነው። ልዩነቱ እዚህ ስሕተቱ ሲገኝ የሚያርመው አለመኖሩ ነበር።

በዚያ ክሊኒክ ወላጆች የምርመራው ተሳታፊዎች ነበሩ። ሕፃኑ ከመቼ ጀምሮ እንደጠቆረ፣ ጡት ሲጠባ ያልበው እንደሆነ፣ ሲሮጥ ቁጢጥ ብሎ ያርፍ እንደሆነ የምታውቀው እናት ናት። ሐኪሟ የእናትን ቃል ሳትሰማ ሕመሙን ልትለይ አትችልም ነበር። ታውሲግ ልጆቹን አንድ ቀን አይታ የምትሸኝ አልነበረችም፤ ለዓመታት እየተከታተለች ሁኔታቸውን ትመዘግብ ነበር፤ ይህንንም እስከ እርጅናዋ አልተወችውም። ራሷ አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም።

የሰማያዊ ሕፃናት እንቆቅልሽ

ከሕሙማኗ ብዙዎቹን ያጠቃው በፈረንሳዊው ሐኪም ስም «የፋሎ ቴትራሎጂ» የሚባለው አራት ጉድለቶች ያሉት ሕመም ነው። ከአራቱ ሁለቱ ዋናዎች ናቸው፦ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ይጠብባል፣ የልብን ቀኝና ግራ በሚለየው ግድግዳ ላይም ቀዳዳ ይኖራል። ስለዚህ ደሙ በሳንባ አልፎ አየር ሳያገኝ ወደ ሰውነት ይመለሳል፤ ሕፃኑም ይጠቁራል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ምልክቱ የሚታየው በከንፈር፣ በምላስ፣ በድድና በጥፍር ነው።

ታውሲግ አንድ ነገር አስተዋለች። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ከተወለዱ በኋላ ለጊዜው ደህና ይመስላሉ፤ ከዚያ በድንገት ይብስባቸዋል። ምክንያቱ ዳክተስ የምትባል ትንሽ የደም ሥር ናት። ይህች ሥር በጽንስ ጊዜ ሁለቱን ታላላቅ የደም ሥሮች ታገናኛለች፤ ከልደት በኋላ ትዘጋለች። ለጤነኛ ልጅ መዘጋቷ ደግ ነው። መንገዱ ለጠበበበት ልጅ ግን ደም ወደ ሳንባ የሚደርስባት ብቸኛዋ በር እርሷ ልትሆን ትችላለች። እንግዲያው በሩን በሰው እጅ መልሶ መክፈት አይቻልም ወይ?

በ1938 በቦስተን ሮበርት ግሮስ የተባለው ቀዶ ሐኪም ሳይዘጋ የቀረ ዳክተስ በማሰር ስሙ ተነሥቶ ነበር። ታውሲግ ወደ እርሱ ሄዳ አዲስ ዳክተስ እንዲሠራ ጠየቀችው። እርሱ ግን ሥራው መዝጋት እንጂ መክፈት ስላልነበረ ጥያቄዋን አልተቀበለም።

ቀዶ ሕክምናው

በ1941 አልፍሬድ ብላሎክ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆኖ ወደ ሆፕኪንስ መጣ፤ ከእርሱም ጋር የቤተ ሙከራ ረዳቱ ቪቪያን ቶማስ። ቶማስ ሐኪም ለመሆን ገንዘብ ሲያጠራቅም የኖረ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ባንኩ ሲከስር ያጠራቀመው ሁሉ ጠፋ። ሥራው የተመራማሪ ሆኖ ሳለ ቀድሞ በነበረበት ዩኒቨርሲቲ የሚከፈለው እንደ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። ታውሲግ ችግሯን ለብላሎክ ካስረዳች በኋላ፣ ሰማያዊ ሕመሙን በውሾች ላይ አስመስሎ የፈጠረውና መፍትሔውን ደጋግሞ የሞከረው ይህ ሰው ነው።

ኅዳር 20 ቀን 1937 ዓ.ም. (ኖቬምበር 29 ቀን 1944) የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ታካሚዋ 15 ወር የሞላት ሴት ልጅ ስትሆን ክብደቷ 4 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። ብላሎክ ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ሥር ቆርጦ ወደ ሳንባ ከሚወስደው ጋር ሰፋው። ቶማስ ከኋላው በርጩማ ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ስፌት ይመራው ነበር። ልጅቱ ከቀዶው ተርፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን እንደገና ታማ ሞተች። ሦስተኛው ታካሚ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ነበር። መቆንጠጫው ሲለቀቅ የጠቆረው ከንፈሩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀላ።

የሦስቱ ልጆች ታሪክ በ1945 በታተመ ጊዜ ወላጆች ከአሜሪካ ልዩ ልዩ ግዛቶችና ከባሕር ማዶ ልጆቻቸውን ታቅፈው ወደ ባልቲሞር ጎረፉ። እስከ 1951 ድረስ ከ1,000 በላይ ልጆች ታከሙ። ሆኖም ይህ ቀዶ ሕክምና ልብን የሚጠግን ሳይሆን መተላለፊያ የሚሠራ ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች በኋላ በ1954 በተጀመረው ልብን ከፍቶ በሚጠግነው ቀዶ ሕክምና መታከም አስፈልጓቸዋል። ወላጆች የሚነገራቸውም ልጃቸው ጊዜ እንዳገኘ እንጂ ፈጽሞ እንደዳነ አልነበረም።

ሐሳቡ በመጀመሪያ ከማን መጣ የሚለው ክርክር አላለቀም። በጊዜው ሕክምናው በብላሎክና በታውሲግ ስም ብቻ ተጠራ፤ የቶማስ ስም በጽሑፉ ላይ አልነበረም። አሁን ብዙ ሐኪሞች የሦስቱንም ስም አንድ ላይ ይጠራሉ፤ ፍትሐዊውም ይህ ነው።

ታውሲግ በ1947 ስለ ተፈጥሮ የልብ ጉድለቶች ያሳተመችው መጽሐፍ የሙያው ዋና መማሪያ ሆነ። በ1954 ከብላሎክና ከዚያው ከግሮስ ጋር የላስከር ሽልማትን ተቀበለች። ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነችው ግን በ1959፣ በ61 ዓመቷ ነው።

ታሊዶማይድ

በ1962 መጀመሪያ ላይ ተማሪዋ የነበረ ጀርመናዊ ሐኪም በአገሩ እጅና እግር የጎደላቸው ሕፃናት በብዛት እየተወለዱ መሆናቸውንና ሰበቡ ታሊዶማይድ የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት ሳይሆን እንደማይቀር ነገራት። ታውሲግ ወዲያውኑ ወደ ጀርመን ሄደች። በየሆስፒታሉ ዞራ ልጆቹን አየች፣ ሐኪሞቹን ጠየቀች። ከእጅና ከእግር ሌላ የልብ ጉድለት ያለባቸውም ነበሩ። ወደ አሜሪካ ተመልሳ ለሐኪሞች ማኅበራት ተናገረች፣ ጻፈች፣ በኮንግረስ ፊት መሰከረች። ፍራንሲስ ኬልሲ የተባለችው የመንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ በመከልከሏ መድኃኒቱ በአሜሪካ ገበያ ላይ አልዋለም። በዚያው ዓመት የመድኃኒት ቁጥጥር ሕጉ ጠበቀ። በዓለም ዙሪያ በታሊዶማይድ የተጎዱት ሕፃናት ከ10,000 በላይ እንደሆኑ ይገመታል።

ይህ ታሪክ ለወላጆች ሁለት ጠርዝ አለው። በአንድ በኩል የጽንስ ጉድለት የእርግማን ውጤት ሳይሆን ሊመረመር የሚችል ምክንያት ያለው መሆኑን አሳየ። በሌላ በኩል ክኒኑን የዋጡት እናቶች ናቸው፤ የታዘዘላቸውን ከመውሰድ በቀር ያጠፉት ነገር ባይኖርም።

የመጨረሻ ዘመኗ

ታውሲግ በ1963 ጡረታ ብትወጣም ምርምሯን አላቆመችም። በ1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የነፃነት ሜዳልያ ሸለሟት። በ1965 የአሜሪካ የልብ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። በዕድሜዋ ማምሻ የአእዋፍን ልብ ማጥናት ጀምራ ነበር። ሜይ 20 ቀን 1986 በፔንስልቬንያ ግዛት ጓደኞቿን ከምርጫ ጣቢያ ይዛ ስትመለስ በመኪና ግጭት ሞተች፤ 88 ዓመት ሊሞላት አራት ቀን ቀርቷት ነበር። አስከሬኗ በፈቃዷ ለሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ተሰጠ።

ከልደት በፊት የሚመጣ ዜና

ታውሲግ በምትሞትበት ጊዜ ሙያዋ ወደ ማሕፀን መግባት ጀምሮ ነበር። ከ1980 አካባቢ ጀምሮ የጽንስን ልብ በአልትራሳውንድ ማየት ተችሏል፤ ዛሬ ምርመራው ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ከ18ኛው እስከ 22ኛው የእርግዝና ሳምንት ነው። ከ1,000 ሕፃናት ስምንት ወይም ዘጠኝ የሚሆኑት አንድ ዓይነት የልብ ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። ጉድለቱ ቀድሞ ሲታወቅ ልጁ ቀዶ ሕክምና በሚገኝበት ቦታ እንዲወለድ ማድረግ ይቻላል፤ ዳክተስ እንዳትዘጋ የሚያደርግ መድኃኒትም አለ። ታውሲግ በ1930ዎቹ ስትዘጋ ቆማ ታያት የነበረችው በር አሁን ለጥቂት ጊዜ በመድኃኒት ክፍት ትቆያለች።

ወላጆች ግን ዜናውን ሰምተው ወራት ይጠብቃሉ። ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት በዚህ ጊዜ ጭንቀት፣ ድባቴና እንደ ከባድ አደጋ ያለ የመንፈስ ስብራት በእናቶችም በአባቶችም ላይ ይታያል። በመጀመሪያው ቀን የተነገረውን አብዛኛው ሰው አያስታውሰውም፤ ድንጋጤ ጆሮን ይደፍናል። ስለዚህ ወሬውን የሚነግር ሐኪም ሕመሙን ጠንቅቆ የሚያውቅ እንዲሆን፣ ልቡን በወረቀት ላይ ሥሎ እንዲያሳይ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ወላጆቹን መልሶ እንዲያገኛቸው ይመከራል። ታውሲግ የመራችው የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 ስለ ጽንስ የልብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ለቤተሰብ የሚሰጠውን ምክርና ድጋፍ የሕክምናው አካል አድርጎታል። ተመሳሳይ ልጅ ካሳደገ ሌላ ወላጅ ጋር ማገናኘትም ብዙዎችን ይረዳል። ይህ ግን ከባለሙያ የሥነ ልቦና እርዳታ ጋር እንጂ በእርሱ ፋንታ አይደለም።

በኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ዋና መድረሻ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ነው። በዚያም በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወረፋ ሲጠብቁ ኖረዋል። በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ መርጡለ ማርያም ላይ የምትኖር አንዲት ነፍሰ ጡር እንዲህ ያለ ዜና ብትሰማ ዓባይን ተሻግራ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ይኖርባታል። (መርጡለ ማርያም በንግሥት እሌኒ ስም የምትታወቅ ከተማ ናት። እሌኒና ሔለን አንድ ስም ናቸው፤ ልጅ ያልወለደችው ንግሥት በቤተ መንግሥት የእናትነት ማዕረግ ነበራት።)

ከመንገዱ በፊት የሚመጣው ግን ምን ብበድል ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በአካባቢው ልማድ መልሱ ብዙ ነው፦ ሾተላይ፣ ቡዳ፣ በቀትር ወጥቶ መለከፍ፣ ያልተፈጸመ አምሮት፣ አሊያም ያልተናዘዙት ኃጢአት። ሕክምናው የሚለው ሌላ ነው። የልብ ቅርጽ የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ስምንት የእርግዝና ሳምንታት፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያረጋግጡ ነው። እንደ ስኳር በሽታ፣ ሩቤላና አንዳንድ መድኃኒቶች ያሉ የታወቁ ምክንያቶች ቢኖሩም፣ በአብዛኛው አንድ የተለየ ምክንያት አይገኝም። ይህን ለእናትየው ብቻ ሳይሆን ለባሏና ለአማቷም መንገር ያስፈልጋል፤ ወቀሳው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ሰዉ ምሥጢሩን የሚያካፍለው ለንስሐ አባቱ ስለሆነ ካህኑ ቢያውቁት ጭነቱ ይቀላል።

ጉድለቱ የማይድንና ከባድ ሲሆን ወላጆች ሌላ ውሳኔም ይገጥማቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እንዲህ ባለ ጊዜ እርግዝናን ማቋረጥን አይከለክልም። ብዙዎች ግን በእምነታቸው ምክንያት እስከ ወሊድ ይጠብቃሉ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ሕፃኑ በጠና ከታመመ ቀኑ ሳይደርስ ሊጠመቅ ይችላል። ሳይጠመቅ ለሞተ ሕፃን በብዙ ቦታ ድንኳን አይተከልም፣ እድርም አይጠራም፤ ልቅሶው በቤት ውስጥ ይቀራል። ጎረቤት ለማጽናናት ሲመጣም ሌላ ልጅ እንደምትወልድ ነግሯት ይሄዳል። እናትየው ግን ያንን ልጅ በአልትራሳውንድ ምስል ላይ አይታዋለች፤ የልቡንም ምት ሰምታለች።

መታሰቢያ

በጆንስ ሆፕኪንስ የሕፃናት የልብ ማዕከል በታውሲግ ስም ተሰይሟል። ቪቪያን ቶማስ በ1976 ከዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት ተሰጠው፤ ታሪኩም በ2004 በፊልም ቀርቧል፤ በፊልሙ ታውሲግም ትታያለች። በ2005 የሕክምና ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን በአራት ኮሌጆች ሲከፍል አንዱን ታውሲግ፣ ሌላውን ቶማስ ብሎ ሰየመ።